«በነጻ ውሰዱት» የተባለ ፒያኖ ስንት ያስወጣል?

ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ወይም ክሬግስሊስት ላይ «ፒያኖ» ብላችሁ ፈልጉ። ሜሪላንድ ኑሩ፣ ዳላስ ኑሩ፣ ሲያትል ኑሩ፣ የሚመጣው ያው ነው። «በነጻ፤ ተሸካሚ ይዞ መጥቶ ለሚወስድ»። «100 ዶላር፤ መቃኘት ብቻ ነው የሚፈልገው»። «የአያቴ ነበር፤ እንጨቱ ኦሪጅናል»። ፎቶው ላይ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ቡናማ ሳጥን ነው፤ ከላዩ የቤተሰብ ፎቶና የአበባ ማስቀመጫ ተደርድሮበታል። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያነሳ ሻጭ ግን ፈልጋችሁ አታገኙም ማለት ይቻላል።

ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ይሄን ሲያይ ልቡ ይከጅላል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ጀምራለች። አስተማሪዋ «ቤት ውስጥ ፒያኖ ቢኖራት ጥሩ ነበር» ብላለች። አባትየው ፒያኖ ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ደንግጦ ወጥቷል። በዚህ መሀል «በነጻ» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ማን ያልፈዋል?

እኔ እለፉት ባይ ነኝ። ቢያንስ ውስጡ ሳይታይ እለፉት። የርካሽ ፒያኖ ዋጋ የሚከፈለው ሲገዛ አይደለማ። የሚከፈለው በኋላ ነው፣ በየጥቂቱ፣ ያውም ሁልጊዜ ጨርሶ የሚከፍለው የመጨረሻው ባለቤት ነው። ሻጩ ያንን ዕዳ ነው ወደ እናንተ ቤት የሚያሻግረው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ራሱም ሳያውቀው።

ይሄ ሁሉ ፒያኖ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ሬዲዮ ቤት ለቤት ሳይገባ በፊት ሙዚቃ ያማረው ቤተሰብ ራሱ መጫወት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1909 ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ360 ሺህ በላይ ፒያኖ ተመርቷል። ዛሬ እዚያው አገር በዓመት የሚሸጠው አዲስ አኩስቲክ (እውነተኛ ክር ያለው) ፒያኖ ከዚያ አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ያ ሁሉ ምርት ታዲያ በጥሩ እጅ የተሠራ አልነበረም። ጆሴፍ ሄል የሚባል የኒው ዮርክ ነጋዴ ገና በ1870ዎቹ ክፍሎቹን ከየቦታው እየገዛ እየገጣጠመ ርካሽ ፒያኖ በገፍ ያወጣ ነበር፤ ስሙን ገዢው ሱቅ የፈለገውን ያስጽፍበታል። «ስቴንስል ፒያኖ» ይሏቸዋል እነዚህን። ከታዋቂ ፋብሪካ ስም አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ቀይረው በወርቃማ ቀለም ያጻፉም ነበሩ። ዛሬ መቶ ዓመት ስለሞላቸው «አንቲክ» ተብለው ገበያ ይወጣሉ። ሲሠራ መናኛ የነበረ ዕቃ ስላረጀ ብቻ ጥሩ አይሆንም፤ ቫዮሊን ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ፒያኖ ግን እንደ ማሽን ያልቃል።

ከዚያ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ፒያኖ የሚገዛ ሰው ጠፋ። ፋብሪካዎቹ በዚያ አሥር ዓመት አጋማሽ ላይ ያመጡት መላ «ስፒኔት» ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለጠባብ ሳሎን የሚመች፣ ዋጋው የሚቀመስ ፒያኖ። እንደ ጉድ ተሸጠ። እስከ 1990ዎቹም ተሠርቷል። ዛሬ በነጻ ከሚሰጡት መሀል ብዙው እሱ ነው።

ችግሩ ቁመቱ ላይ ነው። ፒያኖውን ስታሳጥር ክሮቹን ማሳጠርህ ግድ ነው። አጭር ክር ወፍራም ድምፅ እንዲያወጣ ብዙ መዳብ ይጠቀለልበታል፣ ድምፁም ይታፈናል፤ ከታች ያሉትን ኖታዎች ስትመታ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅትሃል። ክሩን የሚመቱትን መዶሻዎች የሚያንቀሳቅሰው ማሽንም ከቁልፎቹ በላይ ቦታ ስላጣ ወደ ታች ወርዶ በቀጫጭን ዘንጎች ከቁልፎቹ ጋር ተያይዟል። አንዲት ነገር ስትበላሽ ማሽኑን ለማውጣት 88ቱን ዘንግ አንድ በአንድ መፍታት አለ። መልሶ መግጠምም አለ። ባለሙያው ይሄን ሁሉ በሰዓት ነው የሚያስከፍለው። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ክዳኑን ስትከፍቱ ከመዶሻዎቹ ፊት ለፊት የተደረደረ የሽቦ አጥር ካያችሁ በሩን ቀስ ብላችሁ ዘግታችሁ ውጡ፤ እዚያ «በርድኬጅ»፣ የወፍ ቀፎ፣ ይሉታል፣ ብዙ ቃኚ አይነካውም።

ሜሪላንድ ያለ ጓደኛዬ ቤት የሆነውን ላጫውታችሁ። ጎረቤቱ ቤት ስትለቅ «ለልጆችህ ይሁን» ብላ ስፒኔት ሰጠችው። ከሷ ቤዝመንት ወደ እሱ ቤዝመንት ለማጓጓዝ ጥቂት መቶ ዶላር ከፈለ። ከዚያ ቃኚ ጠራ። ሽማግሌ ነው፣ ወሬ አያበዛም። መቃኛ መፍቻውን ክር ከተጠቀለለባቸው ፒኖች አንዱ ላይ ሰካና ቀስ አድርጎ አዞረ። ድምፁ ወደ ቦታው መጣ። ጓደኛዬ ፈገግ አለ። ሽማግሌው ያንኑ ቁልፍ ሦስት አራት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መታው። ድምፁ እዚያው ጆሯችን እየሰማ ተንሸራቶ ወረደ። ሌላ ፒን ሞከረ፤ ያው። ከዚያ ከታች ያለውን ሰሌዳ አነሳና ባትሪ አብርቶ ጎንበስ አለ። አንዲት ወደ ቢጫ የሄደች የፕላስቲክ ቁራጭ በጣቱ ነካ ሲያደርጋት ተፈረካከሰች። ፍርፋሪውን መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየን።

«እንደዚህ ያሉ ሰማንያ ስምንት አሉ» አለ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለው ጓደኛዬ።

«ፎቶ አስቀምጡበት።»

የጓደኛዬ እናት እንግሊዝኛውን ስላልተከተሉት «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። «ለሱማ ቡፌ አለን አይደል እንዴ!» አሉ እማማ።

ሽማግሌው ያሳየን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ፕላስቲኳ በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ብዙ ስፒኔቶች ላይ የተገጠመች መገጣጠሚያ ናት። ያኔ ፕላስቲክ አዲስ ነገር ነበር፣ ከእንጨት ይረክሳል ተብሎ ተገባበት። ዕድሜው ሲገፋ ግን ደርቆ ይሰባበራል። አንዷ ከተሰበረች ሌሎቹም ወረፋ ላይ ናቸው ማለት ነው። መለወጥ ይቻላል፣ የ88ቱ መለወጫ ግን ፒያኖው ከሚያወጣው ዋጋ ይበልጣል።

የፒኑ ጉዳይ የባሰ ነው። አንድ ፒያኖ ወደ 230 ክር አለው። ክሮቹ ሁሉ ተወጥረው የሚስቡት ጉልበት ሲደመር ከ18 እስከ 20 ቶን ይደርሳል። ይሄን የሚሸከመው ከቀለጠ ብረት የተሠራው ፍሬም ነው፤ ፒያኖ የሚከብደውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ክር የተጠቀለለበት ፒን ግን የተሰካው እንጨት ውስጥ ነው፣ የሚይዘውም የእንጨቱ ጥብቀት ብቻ ነው፤ ሌላ ጥርስ፣ ሌላ ብሎን የለውም። በጥሩ ፒያኖ ይሄ እንጨት ጠንካራ፣ በደንብ የደረቀ፣ ተደራርቦ የተጣበቀ ነው። በርካሹ ላይ ወጪ ከተቀነሰባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄው ነው፤ ምክንያቱም ከብረቱ ጀርባ ስለተደበቀ ማንም አያየውም። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ወይም ቀዳዳው ሲሰፋ ፒኑ ይዞራል። ቃኚው ሲቃኝ ውሎ ሲወጣ ቅኝቱም አብሮት ይወጣል። ቀጭን ሱፐር ግሉ አንጠባጥቦ ለጊዜው የሚያጠብቅ ባለሙያ አለ፣ አንዳንዴም በደንብ ይሠራል። ወፈር ያለ ፒን መቀየርም አለ። እንጨቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ክሩንም ብረቱንም አውርዶ አዲስ ማስገባት ነው፤ ያ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ለስፒኔት ማን ያወጣል?

አየር ንብረቱም አለ። ፒያኖ የሚስማማው ከ40 እስከ 50 በመቶ የሆነ የአየር እርጥበት ነው። አሜሪካ ቤት ውስጥ ብርዱ ሲገባና ማሞቂያው ሲለኮስ አየሩ ይደርቃል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ይረጥባል። ድምፁን የሚያጎላው ሰፊ ስስ ሰሌዳ እንጨት ነው፤ ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ቅኝቱም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። በጥሩ እንጨት የተሠራው ይሄን ዓመት በዓመት ይችለዋል። በደንብ ሳይደርቅ የተሠራው ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያው ይለቃል።

ወላጅ ብዙ ጊዜ «ለጀማሪ ምን አለበት፣ ሲለምድ የተሻለ እንገዛለታለን» ይላል። እኔ ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው ዋናው ጸቤ። ጎበዝ ተጫዋች መጥፎ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ጥፋቱ የፒያኖው መሆኑን ያውቃል። የሰባት ዓመት ልጅ አያውቅም። ቁልፉ ተጭኖ ካልተመለሰ፣ ቀስ ብላ ስትነካው ድምፅ ካልወጣ፣ አስተማሪዋ ቤት ትክክል የነበረው ዜማ ቤት ስትመጣ ከተበላሸ፣ ልጅቷ የምትደርስበት መደምደሚያ «እኔ አልችልም» ነው። ጆሮዋም የሚለምደው ያንኑ የተዛባ ድምፅ ነው። ከዚያ በስድስት ወር ትተወዋለች። «ልጄ ሙዚቃ አልሆነላትም» እንላለን።

«አሮጌው ካስቸገረ አዲስ ርካሽ እገዛለሁ» የሚልም አለ። እዚህ ላይ ነገሩ እንደድሮው አይደለም፤ በ1990ዎቹ ከቻይና ይመጡ የነበሩት ፒያኖዎች ከፍተኛ ችግር ነበረባቸው፣ ዛሬ ብዙዎቹ በጣም ተሻሽለዋል። ወጥመዱ ስሙ ላይ ነው። የድሮ የጀርመን ወይም የአሜሪካ ስም ይገዛል፣ ፒያኖው ሌላ ቦታ ይሠራል። ክናቤ እዚሁ ባልቲሞር በ1837 የተመሠረተ ስም ነው፤ ዛሬ የኮሪያው ሳሚክ ንብረት ነው። ሪትሙለር የድሮ የጀርመን ስም ነው፤ ባለቤቱ የጓንግዡው ፐርል ሪቨር ነው። ባልድዊንን በ2001 የገዛው ጊብሰን ነው፣ ሥራውም ወደ ቻይና ሄደ። እነዚህ ፒያኖዎች መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ጥሩም አላቸው። ሻጩ «የመቶ ሰማንያ ዓመት የእጅ ጥበብ» ብሎ ሲያጫውታችሁ ግን የተቀባበለው ስሙ ብቻ እንጂ እጁ እንዳልሆነ እወቁ። አሥር ዓመት ዋስትና ሲሏችሁም ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ። አስመጪው ከተዘጋ ወረቀቱ የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም።

በጣም ርካሽ በሆኑት አዳዲሶች ላይ ደግሞ ሳጥኑ ችፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ነው፣ ከላዩ ወፍራም ጥቁር ቀለም ተቀብቶ እንደ መስታወት ያበራል። ላይ ላዩን ሲያዩት ኮንሰርት አዳራሽ የሚገባ ይመስላል፤ ውስጡን ለቄስ። የሱቅ ዘዴዎችም አሉ። «ልንዘጋ ነው» የሚል ሽያጭ በየጊዜው ሲደጋገም ታያላችሁ። «የዩኒቨርሲቲ ፒያኖዎች ሽያጭ» የሚባልም አለ፤ ሱቁ ለኮሌጁ ጥቂት ፒያኖ ያውሳል፣ በዓመቱ መጨረሻ ሽያጩ ግቢው ውስጥ ሲዘጋጅ ከመጋዘን የመጡ ሌሎች ብዙ ፒያኖዎች ይቀላቀሉበታል። ገዢው ግን ሁሉንም ፕሮፌሰሮች የተጫወቱባቸው ይመስሉታል። ሕገወጥ አይደለም። ብልጠት ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ፒያኖው ጭራሽ የሌለበት ነው። ኢሜይል ይመጣል፣ ወይም የማኅበር ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። «ባለቤቴ በቅርቡ አረፈ፣ ያማሃ ግራንድ ፒያኖውን ለሚወደው ሰው በነጻ መስጠት እፈልጋለሁ» ይላል። ያሳዝናል፣ ያጓጓልም። መልስ ስትሰጡ «ፒያኖው አጓጓዡ ጋ ነው ያለው፣ የማድረሻውን ብቻ ክፈሉ» ትባላላችሁ፤ በዜል፣ በካሽ አፕ፣ አንዳንዴም በጊፍት ካርድ። ከተከፈለ በኋላ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ፒያኖውን ሄዳችሁ በጣታችሁ ካልነካችሁ አምስት ዶላርም አትላኩ።

አሁን ወደ ሻጩ ልምጣ፣ እሱም ወጥመድ አለበት። በ1985 አራት ሺህ ዶላር የተገዛ ፒያኖ ዛሬ ቢያንስ ሁለት ሺህ አያጣም ብሎ ያስባል። ያጣል። ተራ ቋሚ ፒያኖ እንደ መኪና ነው የሚወርደው፣ እንደ መሬት አይወጣም። ትዝታው ለእናንተ ነው ዋጋ ያለው፣ ገዢ ለትዝታ አይከፍልም። ከዚያ ወር በወር ዋጋ እየቀነሱ በመጨረሻ «በነጻ» ላይ ይደርሳሉ፤ በነጻም ካልተወሰደ የሚያስወግድላቸውን ድርጅት ጥቂት መቶ ዶላር ይከፍላሉ። «መቃኘት ብቻ ነው የሚፈልገው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ በኋላ የምታቃቅር ናት፣ በተለይ በሚተዋወቅ ሰው መሀል። መጨረሻ የተቃኘው መቼ እንደሆነ፣ ያልሠራ ቁልፍ ካለ፣ ውኃ ነክቶት ከሆነ በግልጽ መጻፍ ይሻላል። ፒኖቹንና የተከታታይ ቁጥሩን ፎቶ ማንሳት የሚጠላ ሻጭ ካለ ራሱ አንድ ነገር ያውቃል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌላው መፍትሔ «ለቸርች እንስጠው» ነው። ኮሚቴው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ፒያኖው ይገባል። ለቅኝት የተመደበ በጀት የለም። አንድ ዓመት ሳይሞላው አዳራሹ ጥግ ከታጣፊ ወንበሮቹ ጋር ይቆማል፣ መዘምራኑም ወደ ኪቦርዳቸው ይመለሳሉ። የማይፈልጉትን ዕቃ ለእግዚአብሔር ቤት መስጠት ምን ዓይነት ስጦታ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ወደ አዲስ አበባ ልላክ የሚልም ገጥሞኛል። «እዚያ ፒያኖ ብርቅ ነው፣ እዚህ በነጻ ነው፣ ኮንቴይነር ላይ ቦታ አለኝ»። ሂሳቡ ሲያዩት ያምራል። ፒያኖው ግን ጅቡቲ ወደብ ላይ ሙቀትና እርጥበት ጠጥቶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ወዳለ ከተማ ይወጣል። እዚያ በጋው ረጅምና ደረቅ ነው፣ ክረምቱ ደግሞ ዶፍ። የላላ ፒን ያለው ፒያኖ ይሄን ጉዞ አይችልም። ከደረሰ በኋላስ? ቃኚው እንደ ልብ አይገኝም፣ መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚታዘዘው። ቁልፎቹ የዝሆን ጥርስ የተለበጡ የድሮ ፒያኖ ከሆነ ደግሞ ድንበር ሲሻገር የሳይቲስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ይጠየቅበታል። አዲስ አበባ ላለች እህትህ ልጅ ፒያኖ ለመላክ ካሰብክ ዲጂታል ላክ፤ አይቃኝም፣ ትራንስፎርመር ወይም ትክክለኛ ቻርጀር ብቻ አትርሳ።

እዚህ ላላችሁም ምክሬ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከ500 እስከ 800 ዶላር ካላችሁ 88 ቁልፍ ያለው፣ ቁልፎቹ ክብደት ያላቸው ዲጂታል ፒያኖ ግዙ። ያማሃም፣ ሮላንድም፣ ካሲዮም፣ ካዋይም በዚህ ዋጋ አካባቢ አላቸው። 61 ቁልፍ ያለውና ሲነኩት እንደ መጫወቻ የሚንኮሻኮሸው አይደለም የምላችሁ፤ እሱ ጣት አያጠነክርም። ያገለገለ ዲጂታል ከሆነ ሁሉንም ቁልፍ በየተራ ተጫኑ፣ ፔዳሉን ሞክሩ፣ በጆሮ ማዳመጫም ስሙት።

የግድ እውነተኛ ክር ያለው ፒያኖ ካማራችሁ ደግሞ፣ ያምራልም፣ ስፒኔቱን ትታችሁ ቁመቱ ከ115 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቋሚ ፒያኖ ፈልጉ። ከጃፓን ያገለገሉ የያማሃና የካዋይ ፒያኖዎች በብዛት ይመጣሉ። ያማሃ ራሱ «ለጃፓን አየር የተሠሩት ለአሜሪካ አይሆኑም» ሲል ኖሯል፣ ብዙ ባለሙያዎች ግን አይስማሙበትም፤ ዋናው የያዛችሁት አንዱ ፒያኖ ጤንነት ነው። ሄዳችሁ 88ቱንም ቁልፍ፣ ጥቁሮቹንም፣ አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ከዚያም ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ። ክዳኑን አንሱና በስልካችሁ መብራት ፒኖቹን እዩ፤ ዝገት፣ በካርቶን የታጀለ ፒን፣ ወጣ ገባ የሆነ ረድፍ ካለ ተጠንቀቁ። የመዶሻው ሱፍ በብል ተበልቶ እንደሆነ ተመልከቱ። አሽትቱት፤ የሻጋታና የአይጥ ሽታ አይደበቅም። ነጻ የመቃኛ አፕ አውርዳችሁ መሀል ያለችውን «ላ» (አፑ ላይ «A4») ምቱ፣ 440 ኸርዝ ላይ ወይም አጠገቡ መሆን አለባት። ከ415 በታች ከወረደች አንድ ሙሉ ቁልፍ ያህል ወርዷል ማለት ነው፤ ወደ ላይ ሲመለስ ክር ሊበጠስ ይችላል፣ ሥራውም በአንድ ቀጠሮ አያልቅም። ሻጩ «አየሩ ነው» ይላችኋል። አየር ያን ያህል አያወርደውም።

ይሄን ሁሉ አልፎ ከወደዳችሁት፣ ቀብድ ሳትሰጡ ቃኚ ይዛችሁ ተመለሱ። ለምርመራ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ከአንድ ቅኝት ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ቅኝት ዛሬ ከ150 እስከ 250 ዶላር አካባቢ ነው። ሻጩ ቃኚ አታምጡ ካለ እዚያው ላይ ጨዋታው አልቋል። ከገዛችሁ በኋላም ተሸካሚውን ፒያኖ የሚያጓጉዝ ባለሙያ አድርጉት፤ አራት ጠንካራ የአክስት ልጆችና አንድ የተከራያችሁት ፒክአፕ አይበቃም፣ ቋሚ ፒያኖ 200 ኪሎ አልፎ ይሄዳል፣ ደረጃ ላይ ካመለጠ የሚያቆመው የለም። ቤት ከገባ በኋላ ከማሞቂያውና ከመስኮቱ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ክፍሉን ይልመድ፣ ከዚያ አስቃኙት። ከዚያ በኋላ ቢያንስ በዓመት አንዴ። ይሄን በጀት መያዝ የማይቻል ከሆነ በወር ኪራይ የሚሰጡ ሱቆች አሉ፤ ልጅቷ ዓመቱን ከዘለቀች ከኪራዩ የተወሰነውን ከዋጋው ላይ የሚቀንሱም አሉ፣ ስትዋዋሉ ጠይቋቸው።